በፐብሊክ ፖሊሲ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር፦ ስኮላርሽፖቹ የትኞቹ ናቸው? በሩስ እንዴት ይንኳኳል?



ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በሀገራችን እንዴት እንደመጣ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ብሔራዊ ባንክ በጉዳዩ ላይ መመሪያ እንዲያወጣ በር ከፈተ። በ2011 የወጣው መመሪያ ግን አገልግሎቱን ለመደበኛዎቹ ባንኮች በመስኮት ደረጃ ብቻ ፈቀደ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ለማቋቋም አክሲዮን ሲሸጡ የነበሩ ወገኖቻችን ሥራቸው ባለበት ቆመ። በሩ የተከፈተው ሌላ መመሪያ ሲወጣ፣ በ2019 ነበር። ዘምዘም ባንክም ሥራ የጀመረው በ2021 ነው።

ልብ እንበል፤ የአንድ መመሪያ ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች የብዙ ሰዎችን ገንዘብና ተስፋ ለዓመታት አስረው አቆዩ፤ የሌላ መመሪያ ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ደግሞ ፈቱት። እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች የሚያረቅቁ፣ የሌላ ሀገር ልምድ የሚያመጡ፣ ጥቅምና ጉዳታቸውን አስልተው ለውሳኔ ሰጪ የሚያቀርቡ ባለሙያዎች አሉ። ሙያው ፐብሊክ ፖሊሲ ይባላል።

ከመካከላችን ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም ነጋዴ መሆን የሚመኝ ልጅ ሞልቷል፤ አልሐምዱሊላህ። «መመሪያ የሚረቀቅበት ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ እፈልጋለሁ» ብሎ የሚነሳ ግን እምብዛም አያጋጥመንም። የሚነሱትም ቢሆኑ ገንዘቡ ከየት እንደሚገኝ ስለማያውቁ፣ ወይም ካወቁ በኋላ የማመልከቻው ቀን ስላለፈባቸው ይቀራሉ። በዚህ ጽሑፍ ለዚህ ትምህርት የሚሰጡ ዋና ዋና ስኮላርሽፖችንና ፌሎውሽፖችን፣ የሚጠይቁትን መስፈርትና ልጆቻችን የሚሰናከሉባቸውን ቦታዎች በቅደም ተከተል እናያለን።

ትምህርቱ ምንድን ነው?

ፐብሊክ ፖሊሲ መንግሥትና ሕዝባዊ ተቋማት ችግሮችን ለመፍታት የሚከተሉት አካሄድ እንዴት እንደሚወጠን፣ እንደሚተገበርና እንደሚመዘን የሚያጠና ዘርፍ ነው። ተማሪው ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስ፣ የመንግሥት አስተዳደር፣ የበጀት አሠራርና የፕሮግራም ግምገማ ይማራል። አንድ ክልል ለትምህርት ቤት ምገባ ገንዘብ ሲመድብ፣ ምገባው ልጆችን በእርግጥ ከማቋረጥ አድኗቸዋል ወይስ አላዳናቸውም? ያው ገንዘብ ለመጽሐፍ ቢውል የተሻለ ውጤት ያመጣ ነበር? ለአርብቶ አደሩ የተቆፈረው የውኃ ጉድጓድ የግጦሹን መሬት ጎድቶት ይሆን? ትምህርቱ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን በማስረጃ የመመለስ ሥልጠና ነው።

በዚህ ዘርፍ የሚሰጡ ዲግሪዎች ስማቸው ይለያያል። «ማስተር ኦፍ ፐብሊክ ፖሊሲ» የሚባለው ወደ ትንተናው ያደላል፤ «ማስተር ኦፍ ፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን» ደግሞ ተቋም ወደ መምራቱ። ልማት ጥናት፣ አስተዳደርና ዓለም አቀፍ ጉዳዮች የሚሉትም ቅርብ ዘመዶቻቸው ናቸው። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች በየትኛውም ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘን ሰው ይቀበላሉ። ነርስ የነበረች እህት በጤና ፖሊሲ፣ የግብርና ባለሙያ የነበረ ወንድም በመሬት ፖሊሲ ሊገቡበት ይችላሉ። የቀድሞ ሙያቸው እንዲያውም ያጠነክራቸዋል፤ ፖሊሲው መሬት ላይ ሲወርድ ምን እንደሚሆን አይተዋልና።

ስኮላርሽፕና ፌሎውሽፕ አንድ ናቸው?

ሁለቱ ቃላት በየቦታው ተቀላቅለው ስለሚነገሩ መለየቱ ይጠቅማል። ስኮላርሽፕ ዲግሪ ለመማር የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ ነው። ፌሎውሽፕ ሰፋ ያለ ትርጉም አለው፤ አንዳንዴ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ የሚከፈል ገንዘብ ማለት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ዲግሪ የማያሰጥ፣ በሥራ ላይ ያለ ባለሙያ ለጥቂት ወራት ልምድ የሚቀስምበት መርሐ ግብር ነው።

ለሁለተኛው ዓይነት ጥሩ ምሳሌ የአሜሪካው ሁበርት ሃምፍሪ ፌሎውሽፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የተመሠረተ ሲሆን፣ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ልምድ ያላቸውን ባለሙያዎች ለ10 ወራት ያህል በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያስቀምጣል፤ ዲግሪ ግን አይሰጥም። ሌላው ሱዳናዊው ባለሀብት ሞ ኢብራሂም ያቋቋሙት ፋውንዴሽን የሚሰጠው የአመራር ፌሎውሽፕ ነው። ተመራጮቹ ለ1 ዓመት ያህል በትልልቅ ተቋማት ኃላፊዎች ሥር ይሠራሉ፤ ከተቋማቱ አንዱ እዚሁ አዲስ አበባ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ነው። ይህ ዕድል ለጀማሪ አይደለም፤ ሁለተኛ ዲግሪና ከ7 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ የሥራ ልምድ ይጠይቃል።

ስለዚህ ማስታወቂያ ስናይ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ዲግሪ ያሰጣል ወይ?» የሚለው ይሁን። ሁለተኛው፣ «ሙሉ ወጪ ይሸፍናል ሲባል ምን ምን ማለት ነው?» የሚለው ነው። የትምህርት ክፍያ ብቻ ነው? የአውሮፕላን ትኬት፣ ማረፊያ፣ የጤና መድን፣ የኪስ ገንዘብስ አለበት? የትዳር ጓደኛና ልጆችን ይዞ መሄድ ይፈቀዳል? ከተፈቀደስ ወጪያቸውን ማን ይችላል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለባለ ትዳር ወንድምና እህት ገና ከማመልከታቸው በፊት መመለስ ያለበት ነው።

አውሮፓ

የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው ቼቭኒንግ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ያለ ነው። የ1 ዓመት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፤ የቤተሰብን ወጪ ግን አይሸፍንም። ቢያንስ 2 ዓመት፣ በሰዓት ሲሰላ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የበጎ ፈቃድ ሥራም ስለሚቆጠር በበጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ ያገለገሉ ወጣቶቻችን ይህን አሳንሰው አይዩት። አመልካቹ 3 የትምህርት ፕሮግራሞችን ይመርጣል፤ ስለ አመራር፣ ከሰዎች ጋር ግንኙነት ስለመመሥረት፣ ስለ ትምህርት ምርጫውና ስለ ወደፊት ሥራው ይጽፋል። ከዩኒቨርሲቲው የመግቢያ ፈቃድ የሚጠየቀው ለየብቻ ነው፤ ብዙ ሰው ቼቭኒንግን ካመለከተ ዩኒቨርሲቲውንም ያመለከተ ይመስለውና ይቀራል። ማመልከቻው ብዙ ጊዜ በነሐሴ መጀመሪያ አካባቢ ይከፈትና በመስከረም ወይም በጥቅምት ይዘጋል።

ጀርመን ውስጥ በቀጥታ ለዚህ ዘርፍ የተዘጋጀ ዕድል አለ። በቀድሞው መራሔ መንግሥት በሄልሙት ሽሚት ስም የተሰየመው ይህ መርሐ ግብር የሚሰጠው በጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት፣ በተለምዶ ዳአድ በምንለው ተቋም ነው። ትኩረቱ ፐብሊክ ፖሊሲና መልካም አስተዳደር ነው። በኤርፉርት ያለው የቪሊ ብራንት የፐብሊክ ፖሊሲ ትምህርት ቤትን ጨምሮ በተመረጡ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምራል። አዲስ ተመራቂም ሆነ በሥራ ላይ ያለ ባለሙያ ማመልከት ይችላል፤ የመጀመሪያ ዲግሪው ከተያዘ ግን ከ6 ዓመት መብለጥ የለበትም። ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት የጀርመንኛ ቋንቋ ሥልጠና ይሰጣል። እንደየሁኔታው አብሮ ለሚሄድ ቤተሰብም ድጎማ አለው። ማመልከቻው የሚገባው በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ነው፤ ጊዜውም አብዛኛውን ጊዜ ከግንቦት 24 እስከ ሐምሌ 24 ድረስ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ሙንዱስ ደግሞ ተማሪውን ቢያንስ በ2 ሀገራት ያስተምራል። ተመራጩ በወር 1,400 ዩሮ ይከፈለዋል፤ የትምህርት ክፍያም የለበትም። በፐብሊክ ፖሊሲ፣ በልማትና በፍልሰት ጉዳዮች ላይ የሚያተኩሩ ፕሮግራሞች በየዓመቱ በዝርዝሩ ውስጥ አይጠፉም። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። የ1,400 ዩሮው ክፍያ ቲኬትንና ቪዛን ጭምር ስለሚይዝ አመልካቹ ቀድሞ ማስላት አለበት።

እስያ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1951 የቃኘው ሻለቃን ወደ ኮሪያ ከላከች ወዲህ የሁለቱ ሀገራት ወዳጅነት እስከ ዛሬ ቀጥሏል። ሴጆንግ ከተማ የሚገኘው የኬዲአይ የፐብሊክ ፖሊሲና ማኔጅመንት ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ያስተምራል። ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የኮሪያ ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ፣ ኮይካ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች የሚሰጠው ሲሆን፣ አመልካቹ በመሥሪያ ቤቱ በኩል መታጨት አለበት። ሁለተኛው ለማንኛውም ተመራቂ ክፍት የሆነው ግሎባል ኮሪያ ስኮላርሽፕ ነው። ዕድሜ ከ40 በታች መሆን አለበት፤ አመልካቹ ከኤምባሲው ወይም ከዩኒቨርሲቲው መንገድ አንዱን ብቻ ይመርጣል።

ቻይናም በፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ሥር የደቡብ-ደቡብ ትብብርና ልማት ኢንስቲትዩትን ከፍታለች። ተቋሙ ከታዳጊ ሀገራት ለሚመጡ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች በሙሉ ስኮላርሽፕ በእንግሊዝኛ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ይሰጣል።

በተለያዩ ሀገራት ለመማር ሊያገለግል የሚችል ሌላ መንገድ በጃፓን መንግሥትና በዓለም ባንክ የጋራ ድጋፍ የሚሰጠው ስኮላርሽፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረ ሲሆን፣ በተመረጡ ዩኒቨርሲቲዎች ለልማት ነክ ትምህርት ይከፍላል። የመጀመሪያ ዲግሪ ከያዙ 3 ዓመት የሞላቸውና ቢያንስ 3 ዓመት በልማት ሥራ ተቀጥረው የሠሩ ሰዎችን ይፈልጋል። አመልካቹ አስቀድሞ ከዩኒቨርሲቲው የመግቢያ ፈቃድ መያዝ አለበት።

ቱርክ፣ ቀጠርና የእስላማዊ ልማት ባንክ

ቱርክ በየዓመቱ የምትሰጠው «ቱርኪዬ ቡርስላሪ» በወጣቶቻችን ዘንድ ይታወቃል። የትምህርት ክፍያ፣ ማረፊያ፣ የጤና መድን፣ የኪስ ገንዘብ፣ የደርሶ መልስ ትኬትና የ1 ዓመት የቱርክኛ ቋንቋ ትምህርት ይሸፍናል። ለሁለተኛ ዲግሪ ዕድሜ ከ30 በታች፣ ለዶክትሬት ከ35 በታች መሆን ያስፈልጋል፤ ለሁለቱም ደረጃዎች ውጤት ከ75 በመቶ ማነስ የለበትም። የማመልከቻ ጊዜው አብዛኛውን ጊዜ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ነው። ለማመልከት ምንም ክፍያ የለም።

በቀጠር ሁለት ተቋማት አሉ። ሐመድ ቢን ኸሊፋ ዩኒቨርሲቲ የፐብሊክ ፖሊሲ ኮሌጅ ያለው ሲሆን በእንግሊዝኛ ያስተምራል። የዶሐ የድኅረ ምረቃ ጥናት ኢንስቲትዩት ደግሞ በዐረብኛ የሚያስተምር ነው፤ የፐብሊክ ፖሊሲ ፕሮግራም አለው፤ የትምህርት ክፍያና የኑሮ ወጪ የሚሸፍን ስኮላርሽፕም ይሰጣል። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከልጅነታቸው ጀምሮ መድረሳ ውስጥ ዐረብኛ የተማሩ፣ ጎን ለጎን በዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ወይም ሕግ ያጠኑ ወንድሞችና እህቶች አሉን። ዐረብኛቸውን ለኪታብ ብቻ የሚያገለግል አድርገው ስለሚያዩት፣ ሌሎች አመልካቾች የሌላቸውን ዕድል በእጃቸው ይዘው ሳያውቁት ያልፋሉ።

ዋና መሥሪያ ቤቱ ጂዳ የሆነው የእስላማዊ ልማት ባንክ 57 አባል ሀገራት አሉት፤ ኢትዮጵያ ግን አባል አይደለችም። ባንኩ እ.ኤ.አ. በ1983 አባል ባልሆኑ ሀገራት ለሚኖሩ ሙስሊም ማኅበረሰቦች የጀመረው ስኮላርሽፕ አሠራሩ ትምህርት ሰጪ ነው። ገንዘቡ ለተማሪው ቀርድ ሐሰን፣ ማለትም ወለድ የሌለው ብድር ሲሆን፣ ለማኅበረሰቡ ግን ስጦታ ነው። ተማሪው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ የሚመልሰው ገንዘብ ከእሱ በኋላ ለሚመጡ የሀገሩ ልጆች መማሪያ እንዲሆን ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ዛሬ ባንኩ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ዕድሎችም አሉት፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ግን በአብዛኛው ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ነክ ዘርፎች ስለሆነ፣ የፖሊሲ ተማሪ ከማመልከቱ በፊት የዓመቱን የትምህርት ዘርፍ ዝርዝር ማየት ይኖርበታል።

አሜሪካ፦ ከዚህ ለሚሄዱና እዚያ ላሉ

ከኢትዮጵያ ለሚያመለክቱ ታዋቂው መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 የተጀመረው ፉልብራይት ነው፤ የሚካሄደውም በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ነው። የቪዛ ደንቦች ስለሚለዋወጡ ሁልጊዜ የኤምባሲውን የቅርብ ጊዜ ማስታወቂያ ማየት ያስፈልጋል።

በአሜሪካ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ልዩነት አለ። የሁለተኛ ዲግሪ የፖሊሲ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ከፍተኛ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ሙሉ ድጋፍ የሚያገኘው ተማሪ ጥቂት ነው። በዶክትሬት ደረጃ ግን ጥሩ ዩኒቨርሲቲዎች የተቀበሉትን ተማሪ የትምህርት ክፍያ ራሳቸው ይችላሉ፤ በማስተማርና በምርምር ለሚረዳበትም በየወሩ ይከፍሉታል። ስለዚህ ምርምር ለሚወድና ጠንካራ የሒሳብ መሠረት ላለው ተማሪ ዶክትሬቱ ከማስተርሱ ይልቅ በገንዘብ የቀለለ ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካ ለሚኖሩ የስደተኛ ልጆች የተዘጋጀ አንድ ትልቅ ፌሎውሽፕ አለ። የፖልና ዴይዚ ሶሮስ የአዲስ አሜሪካውያን ፌሎውሽፕ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተ ነው። ስደተኞችንና የስደተኛ ልጆችን ለድኅረ ምረቃ ትምህርት በ2 ዓመት ውስጥ እስከ 90,000 ዶላር ይደግፋል። ሕዝብን ለማገልገል ለሚያስቡ የ3ኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪዎችና የሀገሪቱ ዜጎች ደግሞ የትሩማን ስኮላርሽፕ አለ። ኢስላሚክ ስኮላርሽፕ ፈንድ የተባለው ድርጅትም በፖሊሲ፣ በሕግ፣ በጋዜጠኝነትና በፊልም ለሚሰማሩ ሙስሊም ተማሪዎች ድጋፍ ይሰጣል። በዋሽንግተንና አካባቢዋ፣ በሚኒሶታ፣ በሲያትል ያላችሁ ወላጆች ልጆቻችሁ እነዚህን ስሞች ገና ኮሌጅ ሳሉ እንዲሰሙ አድርጉ።

የወለዱ ጉዳይ

ይህ በተለይ በምዕራቡ ዓለም ላሉ ቤተሰቦቻችን እንቅልፍ የሚነሳ ጥያቄ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣው «የገንዘብ ድጋፍ» ደብዳቤ አንዳንዴ ስጦታንና ብድርን በአንድ ገጽ ላይ ደርድሮ ድምሩን ከታች ያስቀምጣል። ድምሩን ብቻ ያየ ተማሪ ሙሉ ስኮላርሽፕ ያገኘ ይመስለዋል፤ ከውስጡ ግማሹ ወለድ የሚታሰብበት ብድር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤውን መስመር በመስመር አንብቡ፤ የትኛው የማይመለስ ስጦታ፣ የትኛው የሥራ ክፍያ፣ የትኛው ብድር እንደሆነ ለየብቻ ጻፉ። ግልጽ ካልሆነ የዩኒቨርሲቲውን የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ በጽሑፍ ጠይቁ።

ብድር ሳይነኩ መማር የሚፈልጉ አማራጮች አሏቸው። ከላይ የጠቀስናቸው በመንግሥታት የሚከፈሉ ስኮላርሽፖች የወለድ ብድር የለባቸውም። በአሜሪካ «ኤ ኮንቲኒዩስ ቻሪቲ» የተባለው ድርጅት ለሙስሊም ተማሪዎች ከወለድ ነፃ ብድር ይሰጣል። የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ የሰጠው ድጋፍ ካነሰ፣ የሌላ ዩኒቨርሲቲን የተሻለ ደብዳቤ አያይዞ «ድጋፉን ልትጨምሩልኝ ትችላላችሁ?» ብሎ መጠየቅም ነውር የለውም፤ የተለመደ ነው። የሸሪዓ ብይኑን ግን ለዑለሞቻችን ትተን፣ እያንዳንዱ የራሱን ሁኔታ ይዞ እንዲጠይቃቸው እንመክራለን።

ወረቀት የሚያሰናክለው

ብዙ ጎበዝ ልጆች የሚወድቁት በውጤት ሳይሆን በወረቀት ነው። ከሚደርሱን ጥያቄዎች ተነስተን ዋና ዋናዎቹን እናንሳ።

አንደኛ፣ ስም። ሙሐመድ፣ ዐብዱረሕማን፣ ኸዲጃ የሚሉት ስሞች በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ይጻፋሉ። በዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ በውጤት መግለጫው ሌላ፣ በፓስፖርቱ ሦስተኛ ዓይነት ሆነው ሲገኙ የውጭው ተቋም የሦስት የተለያዩ ሰዎች ማስረጃ ይመስለዋል። መፍትሔው ፓስፖርቱን መሠረት አድርጎ ሁሉንም ቅጽ በዚያው አጻጻፍ መሙላት፣ ልዩነት ካለም ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ማረጋገጫ ደብዳቤ መያዝ ነው። «የቤተሰብ ስም» ተብሎ ሲጠየቅም አንዴ የአባት፣ አንዴ የአያት ስም አትሙሉ፤ በፓስፖርቱ እንዳለው አድርጉ።

ሁለተኛ፣ የዘመን አቆጣጠር። በ2012 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በቅጹ ላይ 2012 ብሎ ቢሞላ ፈረንጆቹ ከ8 ዓመት በፊት እንደተመረቀ ይቆጥሩታል። የዲግሪ ዕድሜ ገደብ ባለበት እንደ ሄልሙት ሽሚት ባለ ዕድል ይህ ብቻውን ሊጥል ይችላል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ በግሪንዊች አቆጣጠር እኩለ ቀን ላይ የሚዘጋ ማመልከቻ ለእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ሦስተኛ፣ ዋናው ዲግሪ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን ሳይጨርስ ዋናውን ዲግሪ ስለማያገኝ ብዙዎች በጊዜያዊው ይኖራሉ። ስኮላርሽፑ ዋናውን የሚጠይቅ ከሆነ ጉዳዩን ለመጨረስ ጊዜ ያስፈልጋል። የትምህርት ማስረጃ ማረጋገጥና የሰነዶች ማረጋገጫ ሥራም በአንድ ቀን አያልቅም።

አራተኛ፣ ቋንቋ። የእንግሊዝኛ ፈተናው ገንዘብም ቀጠሮም ይፈልጋል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ግን የመጀመሪያ ዲግሪው በእንግሊዝኛ የተሰጠ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይበቃቸዋል። ፈተናውን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

አምስተኛ፣ የድጋፍ ደብዳቤ። መምህሩ ሳያውቃችሁ የሚጽፈው አጠቃላይ ሙገሳ አይጠቅምም። ከቀነ ገደቡ ቢያንስ 1 ወር አስቀድማችሁ ቅረቡ፤ የሠራችሁትን ጥናት፣ የሕይወት ታሪካችሁንና ለምን እንደምታመለክቱ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ስጧቸው።

ራስን መግለጽ

በድርሰቶቹ ውስጥ በብዛት የምናየው ዐረፍተ ነገር «ሀገሬንና ወገኔን መርዳት እፈልጋለሁ» የሚል ነው። ፍላጎቱ ጥሩ ነው፤ መራጩ ግን ይህንኑ ሲያነብ ስለሚውል ከሌላው የሚለይበት ነገር ያጣል። የሚፈልገው አንድ የምታውቁትን ችግር፣ እናንተ ያደረጋችሁትን፣ ያልቻላችሁትንና ትምህርቱ ያን ያልቻላችሁትን እንዴት እንደሚሞላ ነው።

ለምሳሌ በሰፈሯ መስጂድ የዘካ ኮሚቴ ውስጥ ያገለገለች እህት እናስብ። የተረጂዎችን ዝርዝር ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር አዛወረች፤ አንዳንድ ቤተሰብ ሁለቴ እየተመዘገበ፣ ሌላው ጭራሽ እየተዘነጋ መሆኑን አገኘች፤ ኮሚቴውም አሠራሩን አስተካከለ። ከዚያ ግን መንግሥት በከተማ ለሚኖሩ ድሆች የሚያደርገው ድጋፍም ተመሳሳይ ችግር እንዳለበት ስትጠረጥር፣ ለመመርመር የሚያስችል ዕውቀት አጠራት። ይህች እህት ይህንኑ በቀላል ቋንቋ ብትጽፍ አመራርም፣ ማስረጃም፣ የትምህርት ዓላማም በአንድ ገጽ ውስጥ ተሟሉ ማለት ነው።

አንዳንዶች «የመስጂድ አገልግሎቴን ብጽፍ ይጎዳኝ ይሆን?» ብለው ይጠይቁናል። በእኛ አስተያየት የሠሩትን ሥራ መደበቅ ድርሰቱን ባዶ ያደርገዋል። የሚመዘነው ሥራው የተሠራበት ቦታ ስም ሳይሆን የተሠራው ሥራና ያመጣው ለውጥ ነው። በቁጥር ጻፉት፦ ስንት ቤተሰብ፣ ስንት ወር፣ ምን ያህል ገንዘብ። ቁጥሩ ግን እውነተኛ ይሁን፤ በቃለ መጠይቁ ላይ መጠየቁ አይቀርም፤ ከዚያም በላይ ውሸት በአላህ ዘንድ የሚያስጠይቅ ነው።

ደላላ ተጠንቀቁ

አንድ ወንድማችን «ስኮላርሽፕ አስጨርስልሃለሁ» ላለው ሰው ከቤተሰቡ ተበድሮ ከፈለ። ሰውየው የሞላለት ማንም በነፃ የሚሞላውን ቅጽ ነበር፤ ያውም በራሱ የኢሜይል አድራሻ። ወንድማችን ለቃለ መጠይቅ መጠራቱን ያወቀው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ገንዘቡ ባይመለስም ከዓመቱ የሚብሰው የባከነው ዕድል ነበር።

ስለዚህ፦ ቱርኪዬ ቡርስላሪም፣ ቼቭኒንግም፣ ሄልሙት ሽሚትም ለማመልከት አያስከፍሉም። የፈተና ክፍያ፣ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠይቁት የማመልከቻ ክፍያና የሰነድ ማረጋገጫ ክፍያ ሊኖር ይችላል፤ እነዚህ የሚከፈሉት ግን በቀጥታ ለተቋሙ ነው። ማመልከቻችሁን በራሳችሁ ኢሜይል፣ በራሳችሁ የይለፍ ቃል ክፈቱ።

የመመለስ ግዴታው

ብዙዎቹ ዕድሎች ቃል ያስገባሉ። ቼቭኒንግ የተማረ ሰው ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ ሀገሩ ተመልሶ ቢያንስ 2 ዓመት መቆየት አለበት። የፉልብራይት ተማሪዎችም በሚሄዱበት የልውውጥ ቪዛ ምክንያት ወደ አሜሪካ በቋሚነት ከመመለሳቸው በፊት 2 ዓመት በሀገራቸው መኖር ይጠበቅባቸዋል። የጃፓንና የዓለም ባንኩ ስኮላርሽፕም ተመልሶ በልማት ሥራ መሰማራትን ይጠይቃል። ፊርማው ቃል ኪዳን ነው፤ ቃል ኪዳን ደግሞ አማና ነው። መመለስ የማይፈልግ ሰው ሌላ መንገድ ይፈልግ እንጂ ይህን ፈርሞ የሌላውን ቦታ አይያዝ። አንድ ሰው ቃሉን ሲያፈርስ ከእሱ በኋላ የሚመጡትን የሀገሩን ልጆች አመልካቾች መጠራጠር ይጀምራሉና።

ከኛ ምን ይጠበቃል?

ዕድሜ፣ ውጤትና ልምድ የአመልካቹ ድርሻ ነው። የጀመዓው ድርሻ ግን ትንሽ አይደለም። የእንግሊዝኛ ፈተና ክፍያ ለአንድ ጀማሪ መምህር ከወር ደመወዝ ሊበልጥ ይችላል፤ አንድ ነጋዴ ወንድማችን ይህን በቀርድ ሐሰን ቢሸፍን የአንድን ሰው ሕይወት አቅጣጫ ሊቀይር ይችላል። ቀድመው የተማሩ ወንድሞችና እህቶች በዓመት የሁለት ሰው ድርሰት አንብበው ቢያርሙ፣ ለቃለ መጠይቅ የአንድ ሰዓት ልምምድ ቢያደርጉላቸው በደላላ የሚከፈለው ገንዘብ ሁሉ ይቀራል። በዩኒቨርሲቲ ያሉ የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓዎችም የማመልከቻ ቀኖቹን በአንድ ወረቀት ጽፈው ቢለጥፉ ብዙ ሰው ያተርፋሉ።

ለአመልካቾች የመጨረሻ ቃላችን ይህ ነው። አንድ ዕድል ብቻ መርጣችሁ ተስፋችሁን ሁሉ በእሱ ላይ አትጣሉ፤ መስፈርታቸው የሚስማማችሁን 3 ወይም 4 ለዩ። ፓስፖርትና የውጤት መግለጫ ዛሬ ጀምሩ፤ ማስታወቂያ ሲወጣ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ካልተሳካ ድርሰታችሁን አሻሽላችሁ ድገሙት፤ ከተመረጡት መካከል በሁለተኛውና በሦስተኛው ሙከራ የተሳካላቸው ብዙ ናቸው። ኢስቲኻራ ስገዱ፤ ወላጆቻችሁን አማክሩ፤ ሰበቡን አድርሳችሁ ውጤቱን ለአላህ ተዉ።

ነገ ስለ ትምህርት ቤቶቻችን፣ ስለ ገበያችን፣ ስለ ውኃችንና ስለ አለባበሳችን መመሪያ ሲረቀቅ ከጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጡት ዛሬ ቅጽ የሚሞሉት ናቸው። አላህ ያግራላችሁ፤ የተማራችሁትንም ጠቃሚ ዕውቀት ያድርገው። አሚን።